የቆየ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ ሲገዙ፦ ከቦርዶ እስከ ባንዶል የስድስት አካባቢዎች ንጽጽር

ሃያ ዓመት የቆየ ወይን ጠጅ ሁሉ ጥሩ ወይን ጠጅ አይደለም። በዓለም ላይ ከሚጠመቀው አብዛኛው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የፍሬው ጣዕም ይጠፋና ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል። እየቆየ የሚሻሻለው ጥቂቱ ነው። ከዚያም ጥቂት ውስጥ በትክክል የተቀመጠው ደግሞ የበለጠ ጥቂት ነው።

ግራ የሚያጋባው ዋጋው ነው። በአንድ የፓሪስ ወይም የብራሰልስ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት የ2010 ጠርሙሶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ 45 ዩሮ፣ ሌላው 400 ዩሮ ሊባል ይችላል። ሁለቱም ከአያት ከቅድመ አያት በወረደ ርስት ላይ የበቀሉ፣ በባለቤቶቹ እጅ የተጠመቁ ናቸው እንበል። የዋጋው ልዩነት ከጥራት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ስም፣ የአካባቢው ዝናና የገበያው ጥድፊያ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ገንዘቡ የተወሰነ ሰው ከታዋቂ ቦታ የወጣ ደካማ ጠርሙስ ከሚገዛ፣ ብዙ ካልተወራለት ቦታ የወጣ ምርጥ ጠርሙስ ቢገዛ ይሻለዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሌላ ሲሆን እናገራለሁ።

በቅድሚያ መስፈርቱ

የመጀመሪያው የወይኑ ዝርያ ነው። ቀይ ወይን ጠጅን ለዓመታት የሚያቆየው በዋናነት ከፍሬው ቆዳና ከውስጡ ዘር የሚወጣው ታኒን ነው፤ ብዙ የፈላ ሻይ ስንጠጣ ድዳችንን የሚያደርቀው ነገር ማለት ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ታኒኑ ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይከብድና አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። በዚህ ምክንያት የቆየ ወይን ጠጅ ይለሰልሳል፤ ሐምራዊ የነበረው ቀለሙ ወደ ጡብ መልክ ይለወጣል፤ የትኩስ ፍሬ ሽታው ደግሞ ለቆዳ፣ ለትምባሆ፣ ለእንጉዳይና ለረገፈ ቅጠል ሽታ ቦታ ይለቃል። ይህን ሽታ የማይወድ ብዙ ሰው አለ፤ ነውር የለውም፤ ብቻ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ራሱን ይወቅ። ካቤርኔ ሶቪኞ፣ ሲራና ሙርቬድር ለረጅም ዕድሜ የተመቹ ናቸው። አገር ውስጥ ያለ አንባቢ ሲራንና ካቤርኔ ሶቪኞን በባቱ (ዝዋይ) ከሚጠመቀው ወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ያውቃቸዋል። ነገር ግን የዝርያው ስም ብቻውን ዕድሜ አይሰጥም፤ አፈሩ፣ የምርቱ ልክና የአጠማመቁ መንገድ አብረው ይወስናሉ።

ሁለተኛው የመከሩ ዓመት ነው። በቦርዶ 2005፣ 2009፣ 2010 እና 2016 ጠንካራ ዓመቶች ናቸው፤ 2013 ደካማ ነው። በደቡብ ሮን (በሮን ወንዝ ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል) የ2002 መስከረም ጎርፍ መከሩን አበላሽቶታል። እኔ የምወዳቸው ግን መካከለኞቹን ነው፦ ለቦርዶ 2001፣ 2004፣ 2008 እና 2014። እነዚህ ሲወጡ ጭብጨባ ስላልነበራቸው ዋጋቸው ሰማይ አልነካም፤ ለመጠጣትም ከታላላቆቹ ቀድመው ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። በልደት ዓመት የተጠመቀ ጠርሙስ ስጦታ መስጠት በአውሮፓ የተለመደ ነው፤ በውጭ ያደጉ ልጆቻችንም እየለመዱት ነው። በ1990 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ለተወለደ ሰው 1990 የሚል ጠርሙስ ቢገዙለት ከእሱ ሰባት ስምንት ዓመት የሚበልጥ ወይን ጠጅ ሰጡት ማለት ነው፤ ያውም ታላቅ ዓመት ስለሆነ እጅግ ውድ በሆነ ዋጋ። የእሱ ዓመት እስከ ታኅሣሥ 22 ከተወለደ 1997፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 1998 ነው። የ1997 ቦርዶ ቀላል ስለነበር አብዛኛው ዘመኑ አልፎበታል። ለ1998 ግን የፖምሮል፣ የሴንት ኤሚሊዮን ወይም የሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ጠርሙስ መፈለግ ያዋጣል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው አቀማመጡ ነው። ወይን ጠጅ በጨለማ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ፣ እርጥበት ባለበት ምድር ቤት፣ ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ ተኝቶ መኖር አለበት። አንድ በጋ ሙቅ መጋዘን ውስጥ ያሳለፈ ምርጥ ጠርሙስ፣ ዕድሜውን በሙሉ በቀዝቃዛ ምድር ቤት ካሳለፈ ተራ ጠርሙስ ያንሳል። ሙቀት ፈሳሹን ስለሚያሰፋው ቡሹ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ወይኑ ይሾልካል፤ አየር ይገባል። ምልክቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ፈሳሹ የት እንደደረሰ ማየት ነው። በቦርዶ ጠርሙስ ላይ ዐሥር ዓመት የሆነው አንገቱ ውስጥ መሆን አለበት፤ ሃያ ዓመት የሆነው ወደ አንገቱ ሥር ቢወርድ ችግር የለውም፤ አርባ ዓመት ያለፈው የትከሻው ጫፍ ላይ ቢሆን ይፈቀድለታል። የሃያ ዓመት ወይን ጠጅ ወደ ትከሻው መካከል ከወረደ ግን ይተዉት፤ ቅናሽ አያታልልዎት። ቆቡ ላይ የደረቀ ፍሳሽ ካለ፣ ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ብሎ ከታየ፣ ወይም ጠርሙሱ በመደርደሪያ መብራት ሥር ለወራት ቆሞ ከነበረ እንዲሁ ይተዉት።

አራተኛው ማን ጠመቀው፣ ማን በጠርሙስ ሞላው የሚለው ነው። መለያ ወረቀቱ ላይ «ሚዝ ኦን ቡቴይ ኦ ሻቶ» ወይም «ኦ ዶሜን» ካለ ወይኑ እዚያው ርስቱ ላይ ተሞልቷል። «ዳን ኖ ካቭ» የሚል ከሆነ ግን አንድ ነጋዴ በራሱ መጋዘን ሞላው ማለት ነው። «ግራን ቫን» እና «ቪዬይ ቪኝ» የሚሉት ጽሑፎች ደግሞ ያምራሉ እንጂ በሕግ የተወሰነ ትርጉም የላቸውም፤ ለእነሱ ተብሎ አንድ ሳንቲም መጨመር አያስፈልግም።

ቦርዶ፣ ግራ ዳርቻ

ሜዶክ፣ ከዢሮንድ ወንዝ በስተግራ፣ የካቤርኔ ሶቪኞ አገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመርሎ ጋር ተቀላቅሎ 225 ሊትር በሚይዝ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ይበስላል። የዋጋው መሠረት እስከ ዛሬ በ1855 የወጣው የወይን ጠጅ ቤቶች የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ያደገው በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ብቻ ነው። ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ያለፈው ዝርዝር የዛሬን ጥራት በትክክል ይለካል ብሎ ማመን የዋህነት ነው፤ ዋጋን ግን አሁንም ይለካል።

የቤተሰብ ርስት የሚፈልግ ሰው እዚህ ጥንቃቄ ያሻዋል። ብዙዎቹ ታላላቅ ቤቶች ለመድን ድርጅቶችና ለቱጃሮች ተሸጠዋል፤ ላቱር የተባለውን ቤት በ1993 የገዛው ቱጃሩ ፍራንሷ ፒኖ ነው። በአንጻሩ በሴንት ዡልየን የባርተን ቤተሰብ ላንጎዋን በ1821፣ የሌኦቪልን አንድ ክፍል በ1826 ገዝቶ እስከ ዛሬ ይዞታል። የሌኦቪል ባርተን ወይን የራሱ መጥመቂያ ቤት ሳይኖረው እዚያው ላንጎዋ ግቢ ውስጥ ሲጠመቅ ኖሯል፤ ገንዘቡ ወደ ሕንጻ ሳይሆን ወደ ወይኑ የሚሄድበት ዓይነት ቤት ነው።

የቦርዶ ትልቁ ጥቅም ብዛቱ ነው። እያንዳንዱ ቤት በብዛት ስለሚያመርት የሃያ ዓመት ጠርሙስ በየከተማው ይገኛል፤ ዋጋውን ከሦስት ሻጮች ማወዳደር ይቻላል። ጉዳቱ ደግሞ ወጣት ሳለ ሸካራ መሆኑና ትዕግሥት መጠየቁ ነው። በቀኝ ዳርቻ ያሉት ፖምሮልና ሴንት ኤሚሊዮን መርሎ ስለሚበዛባቸው ይለሰልሳሉ፤ ስመ ጥሮቹ የፖምሮል ቤቶች ግን ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ በጀት አይሆኑም።

ቡርጎኝ

ሲሳካ ከሁሉ የሚበልጥ፣ ሳይሳካ ከሁሉ የሚያሳዝን። ዝርያው አንድ ብቻ ነው፦ ፒኖ ኗር፤ ቆዳው ቀጭን፣ ታኒኑ ጥቂት። ወይኑን የሚያኖረው በአብዛኛው አሲዱና የቦታው ጥራት ነው። ደረጃው ለቤት ሳይሆን ለመሬቱ የተሰጠ ነው፤ ከታች ወደ ላይ፦ አካባቢ፣ መንደር፣ ፕሪሚየር ክሩ፣ ግራን ክሩ።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። በፈረንሳይ የውርስ ሕግ ርስት ለልጆች እኩል ስለሚከፋፈል ማሳው ትውልድ በተለወጠ ቁጥር ተቆራርጧል። መነኮሳት በግንብ ያጠሩት ክሎ ደ ቩዦ 50 ሄክታር ያህል ነው፤ ዛሬ ሰማንያ የሚሆኑ ባለቤቶች አሉት። ሁሉም መለያ ወረቀታቸው ላይ ያንኑ ግራን ክሩ ስም ይጽፋሉ፤ ከግንቡ ላይኛው ጫፍ የተለቀመውና ከታች ከመንገዱ ዳር ውኃ ከሚቋጥረው መሬት የተለቀመው ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ በቡርጎኝ የቦታውን ስም ማወቅ ግማሽ መንገድ እንኳን አይሆንም፤ የአምራቹን ስም ማወቅ ግድ ነው።

በዚያ ላይ ሐሰተኛ ጠርሙስ የሚበዛው በዚህ በውዱ ገበያ ነው። በሚያዝያ 2008 ኒውዮርክ ውስጥ ሊካሄድ በነበረ ጨረታ ላይ ከ1945 እስከ 1971 ባሉ ዓመቶች የተጻፉ የፖንሶ ቤተሰብ ክሎ ሴን ዴኒ ጠርሙሶች ቀርበው ነበር። የቤቱ ባለቤት ሎራን ፖንሶ ራሱ አዳራሹ ድረስ ሄዶ ሽያጩን አስቆመ፤ ቤተሰቡ ያንን ወይን መጥመቅ የጀመረው በ1980ዎቹ ነበርና። ጠርሙሶቹን ያቀረበው ሩዲ ኩርኒያዋን በ2013 ጥፋተኛ ተብሎ በቀጣዩ ዓመት የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በጨረታ ቤት ሠራተኞች ዓይን ሥር ያለፈውን ተራ ገዢ እንዴት ይለየዋል?

ምክሬ አጭር ነው። የመጀመሪያ የቆየ ጠርሙስዎ ቡርጎኝ አይሁን።

ሰሜን ሮን

ይህ የሲራ ግዛት ነው። ከታን ከተማ በላይ የቆመው የኤርሚታዥ ኮረብታ በሙሉ ከ140 ሄክታር አይበልጥም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቦርዶ ነጋዴዎች የላላ ወይናቸውን ለማጠንከር የኤርሚታዥን ወይን ይቀላቅሉበት ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የጉልበት ምስክር አያስፈልግም። የሻቭ ቤተሰብ በዚህ አካባቢ ከ1481 ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የወይን ገበሬ ነው፤ ዋጋውም ይህንን ታሪክ የሚያህል ሆኗል።

ኤርሚታዥን መግዛት ያልቻለ ወደ ደቡብ ጥቂት ወርዶ ኮርናስን ይይ። ኮርናስ በሕግ ከሲራ በቀር ምንም አይቀላቀልበትም፤ ማሳው ትንሽ፣ ቁልቁለቱ ገደል፣ አምራቾቹ በአብዛኛው አነስተኛ ቤተሰቦች ናቸው። ወጣቱ ኮርናስ ጥቁርና ኃይለኛ ነው፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ቁንዶ በርበሬ፣ የወይራ ፍሬና ጭስ የሚሸት ይሆናል። ለቁርጥ ያለ ጣዕም ወዳዶች ነው፤ ለስለስ ያለ ለሚፈልግ አይደለም።

ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ

በደቡብ ሮን ፀሐይ የበሰለ፣ በግሬናሽ የሚመራ ድብልቅ ነው፤ ሕጉ በልማድ ዐሥራ ሦስት የሚባሉ ዝርያዎችን ይፈቅዳል። የፔሬን ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ቦካስቴል ሁሉንም ተክሎ ይጠቀማል፤ ከጎረቤቶቹ የሚለየው ግን የሙርቬድር ብዛት ነው፤ ረጅም ዕድሜውም ከዚያ ይመጣል። ግሬናሽ ብቻውን የበዛበት ጠርሙስ ቶሎ ይጣፍጣል፣ ቶሎም ይደክማል። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ14 በመቶ ያልፋል። ክረምት ላይ ከበግ ጥብስ ጋር ደስ ይላል፤ በሙቅ ቀን ግን ሁለተኛው ብርጭቆ ይከብዳል።

ባንዶል

ከማርሴይ በስተምሥራቅ፣ በሜዲትራንያን ዳር፣ ሙርቬድር የሚነግሥበት ትንሽ ክልል ነው። ሕጉ ለዚህ ንጽጽር የተጻፈ ይመስላል፦ በቀዩ ውስጥ ሙርቬድር ቢያንስ ግማሽ መሆን አለበት፤ ወይኑም ቢያንስ 18 ወር በእንጨት በርሜል ውስጥ መቆየት አለበት። ሌላ ቦታ ለአምራቹ ፈቃድ የተተወው እዚህ ግዴታ ነው።

ይህ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። ሉሲየን ፔሮ የታምፒዬን ቤት ልጅ ሉሲን በ1936 አገባ። በዚያን ጊዜ ሙርቬድር ከባንዶል እየጠፋ ነበር፤ ከፊሎክሴራ ተባይ በኋላ ገበሬው ብዙ የሚያፈሩ፣ ጥራታቸው ዝቅ ያለ ዝርያዎችን ተክሎ ነበር። ፔሮ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ዝርያውን መልሶ ለማስተከል ታገለ፤ ባንዶል በ1941 የራሱን የተጠበቀ ስያሜ አገኘ። ዶሜን ታምፒዬ ዛሬም የፔሮ ቤተሰብ ነው።

ወጣት ባንዶል ዝግ ነው፤ የጠጪውን ፊት ያጨማድዳል የሚሉት አሉ፣ እኔ ግን ትንሽ ኩሩ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ቆዳ፣ ጥቁር እንጆሪና የተራራ ቅጠላ ቅጠል መሽተት ይጀምራል። በባሕሩ ነፋስና በፀሐዩ ምክንያት የመከር ዓመቶቹ እንደ ቦርዶ ከፍና ዝቅ አይሉም፤ ዓመት ማጥናት ለሰለቸው ገዢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጉድለቱ ከፈረንሳይ ውጭ የቆየውን ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ሺኖን

በሎዋር ሸለቆ፣ ከካቤርኔ ፍራን የሚሠራ፣ ቀጠን ያለና ኮምጠጥ የሚል ወይን ነው። አምራቾቹ ለስላሳውን ነጭ ድንጋይ ፈልፍለው በሠሩት ዋሻ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ቅዝቃዜው ዓመቱን ሙሉ አይለዋወጥም። አንዳንድ ቤተሰቦች የቆዩ ጠርሙሶቻቸውን ከዚያው ዋሻ አውጥተው ይሸጣሉ፤ የአቀማመጥ ጥያቄው በአንድ ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው። ብርሃናማ ቀለሙና የአረንጓዴ ቃሪያ ሽታው ግን ሁሉንም አያስደስትም።

ባጭሩ ሲታይ

ዋጋው ዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ለቆየ ጥሩ የቤተሰብ ጠርሙስ በአውሮፓ ሱቅ የሚጠበቅ ግምት ነው።

| አካባቢ | ዋና ዝርያ | ከመከር በኋላ የሚመቸው ዕድሜ | የቆየውን ማግኘት | ዋጋ በዩሮ | ለጀማሪ ያለው አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቦርዶ፣ ሜዶክ | ካቤርኔ ሶቪኞ | 12–30 ዓመት | ቀላል | 40–150 | ዝቅተኛ |
| ቡርጎኝ፣ ፕሪሚየር ክሩ | ፒኖ ኗር | 10–20 ዓመት | ከባድ | 100–300 | ከፍተኛ |
| ኮርናስ | ሲራ | 10–20 ዓመት | መካከለኛ | 60–120 | መካከለኛ |
| ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ | ግሬናሽ | 8–20 ዓመት | ቀላል | 45–120 | መካከለኛ |
| ባንዶል | ሙርቬድር | 10–25 ዓመት | ከባድ | 35–80 | ዝቅተኛ |
| ሺኖን | ካቤርኔ ፍራን | 8–20 ዓመት | መካከለኛ | 20–50 | ዝቅተኛ |

ከየት ይገዛ?

ከርስቱ በቀጥታ የተገዛ ጠርሙስ የትም አልዞረምና ጥቂት ዩሮ ቢጨመርበት ይገባዋል። ጨረታ ርካሽ ሊመስል ይችላል፤ በመዶሻው ዋጋ ላይ የጨረታ ቤቱ ክፍያ ከ20 በመቶ በላይ ሊጨምር እንደሚችል፣ የተበላሸ ጠርሙስም እንደማይመለስ ታስቦ ይሁን። ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ መቼ፣ ከማን ገዛኸው? ከዚያስ ወዲህ የት አስቀመጥኸው? የሚያንገራግር ከሆነ መልሱን አግኝተዋል። ሦስተኛው መንገድ ወጣቱን ገዝቶ ማቆየት ነው፤ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ግን የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ምድር ቤት አይደለም። ማቀዝቀዣ ቁም ሣጥን ወይም በኪራይ የሚገኝ ማስቀመጫ ከሌለዎት ከአምስት ዓመት በላይ አያስቡ።

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

በ30 ዩሮ ክልል ያለ ሰው የቆየ ሺኖን ይፈልግ፤ ካላገኘ ወጣት ባንዶል ገዝቶ ያስቀምጥ። ከ40 እስከ 80 ዩሮ ላለው ምርጫዬ የ2014 ሜዶክ ወይም ዐሥር ዓመት ያለፈው ባንዶል ነው። ለአማት ወይም ለአለቃ ስጦታ ከሆነ ስሙ የሚታወቅ ቦርዶ ይሁን፤ ተቀባዩ የማያውቀውን ኮርናስ ሰጥቶ ማስረዳት ስጦታውን ትምህርት ያደርገዋል። ከ100 ዩሮ በላይ የሚያወጣና የሚያምነው ነጋዴ ያለው ሰው ቡርጎኝን ይሞክር፤ ያም ሆኖ ከመካከለኛ አምራች ግራን ክሩ ይልቅ ከጥሩ አምራች የመንደር ወይን ይግዛ።

ለበዓል ማዕድ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። በርበሬና ሚጥሚጣ የታኒኑንና የአልኮሉን ማቃጠል ያባብሳሉ፤ ሃያ ዓመት የተጠበቀው ረቂቅ ሽታም በዶሮ ወጡ ቅመም ሥር ይጠፋል። ለዶሮ ወጥ ወጣትና ፍሬያማ ወይን ይበቃል። የቆየው ከበግ አልጫ፣ ቃሪያ ካልበዛበት ጥብስ ወይም ከአይብ ጋር ይቅረብ። ከአንድ ቀን በፊት አተላው እንዲዘቅጥ ጠርሙሱን ያቁሙት። የቆየ ቡሽ ስለሚፈረካከስ በመሐሉ ከሚገባው ጠምዛዛ መክፈቻ ይልቅ ከዳርና ከዳር የሚገባው ባለ ሁለት ምላስ መክፈቻ ይሻላል። ከአንገቱ ሥር ሻማ ወይም የስልክ መብራት አድርገው ሳያቋርጡ በቀስታ ወደ ሌላ ማንቆርቆሪያ ይገልብጡ፤ ጥቁሩ አተላ አንገቱ ላይ ሲደርስ ያቁሙ። ወጣት ባንዶል ወይም ኮርናስ ከሆነ ሁለት ሰዓት አየር ይፈልጋል፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊደክም ስለሚችል እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ይከፈት።